ስፓይዌር ምንድን ነው?

ድሮ «ጆሮ ጠቢ» ሲባል ትዝ የሚለን ካፌ ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ የሰው ወሬ የሚለቅም ሰውዬ ነበር። እሱ እንኳ ሲመጣ ይታያል፤ ድምፅ ይቀነሳል፣ ወሬ ይቀየራል። ስፓይዌርም ጆሮ ጠቢ ነው፤ ግን ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፣ የሚቀመጠውም ስልካችን ወይም ኮምፒውተራችን ውስጥ ነው።

«እኔ የምጠቀመው ዋትስአፕ ነው፣ የተመሰጠረ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ልክ ነው፣ መልእክቱን መንገድ ላይ የሚያነበው የለም። ስፓይዌር ግን መንገድ ላይ አይጠብቅም። ፖስታው ሳይታሸግ፣ ገና ስትጽፉ ከትከሻችሁ በላይ ሆኖ ያነባል። ሲያሻው ማይኩንም ካሜራውንም ይከፍታል።

እንዴት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አካባቢ ሜሪላንድ በሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ የሚባል ስፓይዌር ተጫነ። የመጣው ከኢሜይል ጋር በተያያዘ የዎርድ ፋይል ነው። በቃ፣ ፋይል መክፈት ብቻ! ሰውየው በኋላ ባቀረበው ክስ እንደተባለው ከአራት ወር በላይ የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀድቷል። ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር እንኳ አልቀረም። አባትን ብሎ የመጣ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት «ሰልሎኛል» ብሎ አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። የውጭ መንግሥት እዚያ እንዲከሰስ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ መፈጸም አለበት፤ የስለላው ሐሳብም ፕሮግራሙም የመነጩት ከውጭ ነው ተባለ። ሰላዩ በአካል ቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ የሚይዝ ይመስለኛል። የኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ግን ደፋሪው መንግሥት ራሱ ነው ሲባል አቤት የሚባለው ለማን ነው?

አሁን ደግሞ መክፈትም መጫንም የማይጠይቅ መጥቷል። በ2019 ፔጋሰስ የተባለው፣ ኤንኤስኦ የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ስፓይዌር 1,400 ገደማ የዋትስአፕ ተጠቃሚዎች ላይ ተሞክሯል። መንገዱ የዋትስአፕ ጥሪ ነበር። ባታነሱትም፣ ሚስድ ኮሉ ይበቃል።

ዋትስአፕ ያንን ቀዳዳ የደፈነው በአፕዴት ነው። ስለዚህ ስልካችሁ «አፕዴት ላድርግ?» ሲላችሁ «በኋላ» የምትሏትን ነገር ተዉአት። አይፎን የያዘና በሥራው የተነሳ ሰላይ ሊፈልገው የሚችል ሰው ደግሞ «ሎክዳውን ሞድ» የሚለውን የስልኩን ጥብቅ መከላከያ ያብራ። አንዳንድ ነገር አይከፍትም፣ ያማርራል፤ ቢሆንም ያብራው።