በጎጃም በጉዞ የሚሰጥ የታሪክ ትምህርት

አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር የነበራትን ግንኙነት በጉዞ ማጥናት፣ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን ከፍርስራሹ፣ ከድልድዩና ከአገሬው ቃል ጋር የሚያመሳክርበት የትምህርት ዘዴ ነው። ጎጃም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዞር የኖረበት አገር ነው።

ለእንዲህ ያለው ጥናት በሰከላ የሚገኘው የዓባይ ምንጭ፣ ግሽ ዓባይ፣ ተወዳዳሪ የሌለው መነሻ ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናዊ) ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን የፓኤዝን ምስክርነት አስተባብሎ ቀዳሚነቱን ለራሱ አደረገ። ሁለቱን ጽሑፎች አንብቦ ማለዳ ወደ ምንጩ የወረደ ተማሪ፣ ምእመናን በባዶ ሆዳቸው ጠበል ሲጠጡና በጀሪካን ሲቀዱ ያያል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ እንደተቀበሉም ይሰማል። የዓባይን ምንጭ አውሮፓውያን «አገኙት» የሚለው አነጋገር ጉድለቱ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ግንኙነቱን የፈለገው አውሮፓ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው የመርጡለ ማርያም ደብር ታስረዳለች። ደብሯን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት አርመናዊው ማቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝቦን ደርሷል። በቅጥሯ ውስጥ ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ አሁንም ይታያል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን አበቦች በጣት መዳሰስ ይቻላል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በማወጃቸው ብዙ ደም ፈስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

ሆኖም ኢየሱሳውያን ለሕንፃዎቻቸው የተጠቀሙበት በኖራ የመገንባት ጥበብ አብሯቸው አልተባረረም። በሞጣ አቅጣጫ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ የዚያው ዘመን ሥራ ሲሆን፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የጣሊያንን ጦር ለማገድ ቅስቱ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ ሰዎች እየጎተቱት በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። ጉዞውን የሚመራ መምህር ተማሪዎቹን እዚህ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ቢያቆያቸው፣ በገመዱ የተሻገሩ አዛውንቶችንም በእርጋታ ቢያስጠይቃቸው መልካም ነው።