«ተዉት፣ ደክሞት ነው»፦ ስለ እንቅልፍ የተሳሳትንባቸው ነገሮች

አባቴ ሲያንኮራፋ ቤቱ ሙሉ ይሰማ ነበር። እናቴ ሁሌ አንድ መልስ ነበራት፦ «ተዉት፣ ደክሞት ነው። ደህና እንቅልፍ ወስዶታል።» እኛም አምነን አደግን።

አንድ ቀን እንግዳ መጣና አልጋዬን ለቅቄ ከአባቴ ጎን ተኛሁ። ማንኮራፋቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደና ድንገት ጸጥ አለ። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በጨለማ ውስጥ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ ታፍኖ እንደተለቀቀ ሰው ቃተተና መተንፈስ ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ደገመው። ጠዋት ስነግረው ምንም አያስታውስም። «እንዴ፣ ጥሩ ነው የተኛሁት» አለኝ። ቁርሱን ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ ያንጎላጅ ነበር።

«የሚያንኮራፋ ሰው ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነው»

ማንኮራፋት አየር በጠበበ ጉሮሮ ሲያልፍ ስስ ሥጋው እየተርገበገበ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ወይም በጀርባችን ስንተኛ ብዙዎቻችን እናንኮራፋለን፤ እሱ አያሳስብም። አባቴ ላይ ያየሁት ግን ሕመም ነው። ስሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ ይዘጋና ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ፣ ከዚያም በላይ ይቋረጣል። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ያባንነዋል፣ ግን ለአፍታ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ላይ አይታወሰውም። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች ከባድ ይሉታል። እንዲህ ያለ ሰው 8 ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ቢያሳልፍ እንዴት ያርፋል?

ጣጣው በድካም አያበቃም። በመድኃኒት አልወርድ የሚል የደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ችግር አለባቸው። ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ ቀን ማንጎላጀት ምልክቶቹ ናቸው። ሾፌር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የተሳፋሪዎቹም ጉዳይ ነው። ውፍረት ያባብሰዋል፣ ቀጭን ሰው ግን አይነካውም ማለት አይደለም።

ሕክምና አለው። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ መጠጥ መተው ይረዳል። ለከበደበት ሰው ደግሞ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው የሠራው። እናንተ ቤት እንዲህ የሚያንኮራፋ ሰው ካለ በስልካችሁ ቅዱትና ቅጂውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሕመምተኛው ራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ተኝቷላ!

«ዱካክ መንፈስ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም»

ይህን በጥንቃቄ ልጻፈው። የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ትነቃላችሁ። ክፍሉ ይታያችኋል፤ መስኮቱ፣ ወንበሩ ላይ የተጣለው ልብስ። ጣት ለማንቀሳቀስ ግን አቅም የለም። ልትጮኹ ብትሞክሩ ድምፅ አይወጣም። ደረት ላይ የሆነ ነገር እንደ ጆንያ ይከብዳል። አንዳንዴ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይታያል። ያስፈራል፤ በፈራ ሰው ላይ መሳቅም ተገቢ አይደለም።

የሚሆነው ይህ ነው። ሕልም በብዛት የምናየው ዓይናችን ከሽፋኑ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ነው። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክሌይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው ይህን ለዓለም ያሳወቁት። በዚያ ሰዓት አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያጠፋቸዋል። ባያጠፋቸው ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወርደን እንሮጥ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። ሕልሙ ገና አላለቀም፣ ዓይን ግን ተከፍቷል። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ ያጣ፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀ፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ጸሎት የሚያረጋጋችሁ ከሆነ ጸልዩ፤ ሰዓታችሁንም አስተካክሉ። ሁለቱ አይጣሉም።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ዱካክን በደንብ ያውቁታል። ያቆሙ ሰሞን «ዱካክ መታኝ» ብለው የሚመለሱ ስንት ናቸው! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። አነቃቂ ነገር የሕልሙን እንቅልፍ ይጫነዋል። ሲቆም ታፍኖ የከረመው ሕልም በአንዴ ይፈስሳል፣ ቅዠቱም ይከፋል። እናም ዱካኩ ሰውነት እየተመለሰ ለመሆኑ ምልክት ነው እንጂ ጫት ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ስንቱ በጸና ነበር እላለሁ።

«አንድ ሁለት ሲሉበት እንቅልፍ ይመጣል»

ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ሐሳብ ለመርሳት አረቄ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው። ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጉሮሮንም ስለሚያላላ ማንኮራፋቱን ያባብሰዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አፍ ደርቆ፣ ልብ እየመታ መንቃት ከዚህ ነው።

«እኔን ቡና አይነካኝም»

ይህን የማይል ሐበሻ አላውቅም። ቀን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ማታ የሚያደክመን እሱ ነው። ካፌይን ቦታውን ቀድሞ ይይዝና ድካሙ እንዳይሰማን ያደርጋል። ድካሙ ግን የትም አልሄደም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ብዙውን ጊዜ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ አስቡት። አመሻሽ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ረከቦቱ ይነሳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጣችን ነው።

በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ካፌይን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠኑ ብዙ ነበር፣ ወደ አራት ስኒ የሚጠጋ። የሚገርመው ግን ተሳታፊዎቹ ራሳቸው እንቅልፋቸው መቀነሱን ልብ አላሉትም። «አይነካኝም» የሚባለው እንዲህ ነው።

የቡናውን ወግ አትተዉ። ጎረቤት የሚገናኘው፣ ሐዘንና ደስታ የሚወራው እዚያ ነው። ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ አድርጉት። የማታው ጨዋታ በጤና አዳም ወይም በጦስኝ ይድመቅ። ተራው ሻይ ካፌይን አለው።

«ሽማግሌ እንቅልፍ አያሻውም፣ ልጁ ግን ሰነፍ ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ከ65 ዓመት በላይ ያለ ሰው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ እንቅልፉ ሳስቶ ቶሎ ቶሎ ይነቃል እንጂ ፍላጎቱ አልጠፋም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፣ የሰውነታቸው ሰዓትም ወደ ኋላ ይገፋል። ጠዋት መነሳት የሚያቅተው ልጅ ላይ «እንቅልፋም» የሚለውን ስም ባንለጥፍበት ደስ ይለኛል። ለፈተና ሌሊቱን ሲያጠኑ ማደርም አያዋጣም፤ የተጠናው የሚጸናው ሲተኙ ነው።

«አልጋ ላይ ከቆየሁ መምጣቱ አይቀርም»

ጣራ ሲቆጥሩ ማደር እንቅልፍ አያመጣም። እንዲያውም አንጎል አልጋውን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይማረዋል። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ የሚያሸልበው ሰው አልጋው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሱ። ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ ቀለል ያለ ነገር ሥሩ፤ ልብስ እጠፉ፣ መዝሙር አዳምጡ። እንቅልፍ ዓይናችሁ ላይ ሲመጣ ብቻ ተመለሱ። ሰዓት አትዩ። ማታ ምንም ቢያመልጣችሁ ጠዋት በዚያው ሰዓት ተነሱ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ግን ፍሬው መታየት ይጀምራል።

በሳምንት 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከቀጠለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጎረቤት የሰጠውን ዲያዜፓም መዋጥ መፍትሔ አይደለም፤ ሰውነት ይለምደውና ያለሱ መተኛት ያቅታል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እንቅልፍ ላጡ አዋቂዎች በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው ከላይ ያልኩትን ዓይነት ልማድና አስተሳሰብ የሚያስተካክል ሕክምና ነው።

«ሌሊት ብሠራም ቀን እተኛለሁ፣ ያው ነው»

ያው አይደለም። ሰውነታችን በብርሃን የሚመራ ሰዓት አለው። ቀን ላይ ሙቀታችን ይጨምራል፣ እንቅልፉም ያጥራል። ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ ወይም ሆስፒታል ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ወደ ቤት ሲመለሱ የፀሐይ መነጽር ማድረግ፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መዝጋት፣ ስልክ ማጥፋት ይረዳቸዋል።

ስልኩ ላይ እኛም ድርሻ አለን። እህታችሁ ከሌሊት ሥራ ገብታ ጋደም የምትለው እዚያ ሲነጋ፣ እዚህ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ሲሆን ነው። እኛ ሥራ ቀለል ሲለን የምንደውለው ያኔ ነው። ታነሳለች፣ «አልተኛሁም» ትላለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደውሉላት።