የሎግ መጠን ገደብ ምንድን ነው?

የሎግ መጠን ገደብ ማለት ዳታቤዝ የተቀበለውን ትእዛዝ በሎግ ፋይሉ (የሥራውን ዝርዝር በሚይዝበት መዝገብ) ላይ ሲመዘግብ ከጽሑፉ እስከ ስንት ባይት ድረስ እንደሚጽፍ የሚወስን ቅንብር ነው። እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በምንሠራበት ቢሮ እንዲህ ያለ ቅንብር ያስፈልጋል የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፖስትግሬስኪውኤል የዳታቤዝ ፕሮግራም አንድ የሠንጠረዥ መስክ እስከ 1 ጊጋባይት ሊይዝ ስለሚችል፣ ትእዛዞች ሁሉ እንዲመዘገቡ በተደረገበት ሰርቨር ላይ አንድ ስካን የተደረገ ሰነድ በትእዛዙ ውስጥ ተጽፎ ሲገባ ያው ሰነድ እንዳለ ወደ ሎጉም ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፖስትግሬስኪውኤል 13ኛው እትም ገደብ ያበጀው ከትእዛዙ ተለይተው ለሚላኩ ዋጋዎች ብቻ ነበር።

ለትእዛዙ ጽሑፍ ለራሱ ገደብ የሚያበጅ የኮድ ለውጥ ሐሳብ ሲቀርብ ኮዱን የሚገመግመው ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የሚቆጠረው ባይት ነው ወይስ ፊደል የሚለውን ይመስለኛል። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «አዲስ አበባ» የሚለው ስም ከነክፍት ቦታው 19 ባይት ነው። ገደቡ 12 ላይ ቢደረግና ኮዱ ባይት ብቻ እየቆጠረ ቢቆርጥ፣ «አዲስ» ከተጻፈ በኋላ የ«አበባ» የመጀመሪያዋ «አ» ከሦስት ባይቷ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ሎጉን የሚያነብ ፕሮግራምም መስመሩን የተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ቆራጩ ገደቡን ሳያልፍ ወደ መጨረሻው ሙሉ ፊደል መመለስ አለበት።

የተቆረጠ መስመር መቆረጡን የሚያሳይ ምልክትና የትእዛዙን ሙሉ ርዝመት ቢይዝ መልካም ነው፤ የረጅም ትእዛዝ ማጣሪያ ሁኔታ (ትእዛዙ የትኞቹን ረድፎች እንደሚመለከት የሚወስነው ክፍል) ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ስለሚገኝ፣ ምልክት ከሌለ ስሕተት ፈላጊው ጎደሎውን እንደ ሙሉ ይወስደዋል። ቅንብሩን የመቀየር ሥልጣንም ለአስተዳዳሪው ብቻ ቢሰጥ ይሻላል፤ ማንኛውም ተጠቃሚ ገደቡን ዝቅ ማድረግ ከቻለ የሠራውን ከሎጉ መሰወር ይችላልና። መነሻው ዋጋ ያለ ገደብ ሆኖ ይቆይ፤ እትም የሚያሳድግ ሰው ሳያውቀው ሎጉ ሊጎድልበት አይገባም። ከኮዱ ጋር የሚቀርበው ሙከራም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ከላይ ያልነውን ስብራት ፈጽሞ አያሳይምና፣ ቢያንስ አንዱ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ዋጋ እንዲይዝ መጠየቅ ተገቢ ነው።