አዲስ ሙዚቃ በመሐል አዲስ አበባ፦ በክሊፕና በመድረክ

በመሐል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አንሥቶ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ ቦሌ ባለው የከተማዋ ክፍል፣ አዲስ የራፕና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ እንዲሁም አሳታሚ ሳይኖራቸው በራሳቸው ወጪ የሚሠሩ ድምፃውያን ሥራ ለአድማጭ የሚደርሰው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው፤ በቪዲዮ ክሊፕና በላይቭ መድረክ። ሁለቱ የሚያስተዋውቁት ግን አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ክሊፑ ድምፃዊውን ያሳውቃል፤ መድረኩ ደግሞ ከድምፃዊው ጀርባ ያሉትን፣ አቀናባሪውን፣ ድራመሩንና ቤዝ ጊታሪስቱን ያሳውቃል። አዲስ ነገር ፈልጎ የማግኘት ልማድ ያላቸው አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚከተሉት እነዚህን የኋላ ስሞች ነው።

ክሊፕ ከመስፋፋቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት ሙዚቃ ቤቶች ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ በነበረበት ዘመን አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ በግሉ ማሳተም ጀመረ፤ ድርጅቱ አምሃ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ባሉት ጥቂት ዓመታት ያወጣቸው ሥራዎች ዛሬም በውጭ አገር ሳይቀር ይደመጣሉ። በደርግ ጊዜ ካሴት ሸክላን ተካ፤ ሰዓት እላፊውም የምሽት ሙዚቃን አዳከመው። ከዚያ ሲዲ፣ ቀጥሎም ፍላሽ መጣ፤ አንድ ዘፈን በሚኒባስ ሾፌሮች ፍላሽ ውስጥ ከገባ ከተማው ሰምቶታል ማለት ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የአዳዲስ ዘፈኖች ስርጭት ፈጠነ፤ ሆኖም ሬዲዮ አስቀድሞ የታወቀውን መድገም ስለሚቀናው ለጀማሪ ራፐር የከፈተው በር ጠባብ ነበር።

ክሊፕ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓልና የእሑድ ፕሮግራም ማድመቂያ ሆኖ ቆይቷል። ኢ ቢ ኤስና በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና የመሳሰሉ የሳተላይት ጣቢያዎች ምርጫውን አሰፉት። ከዚያ ወዲህ ዋናው መድረክ ዩቲዩብ ነው። ሆፕ ኢንተርቴይንመንት፣ ናሆም ሪከርድስ፣ አድማስ ሙዚቃና ምነው ሸዋ ቲዩብን የመሰሉ ቻናሎች ብዙ ተከታይ ስላላቸው ጀማሪው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ሥራውን ለእነርሱ ሰጥቶ በአንድ ሌሊት መታየት፣ ወይም በራሱ ቻናል ለቅቆ ተመልካቹን ቀስ እያለ ማፍራት። የሚደንቁ ሥራዎች በብዛት የሚገኙት፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ሁለተኛውን በመረጡት ዘንድ ነው።

የአማርኛ ሙዚቃ አንድ ጥሩ ወግ አለው። ክሊፑ ሲጀምር ወይም ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ (ድምፆችን ማመጣጠን) እና ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የማን እንደሆኑ በየተራ ይገለጻል። አድማጩ ይህን መስመር ማንበብ ከለመደ አንድ ስም ወደ ሌላ ስም ይመራዋል። ኤልያስ መልካ በሕይወት ሳለ ብዙ ሰው የማያውቀውን ድምፃዊ አልበም የሚገዛው ቅንብሩ የእርሱ ስለሆነ ብቻ ነበር፤ ዘሪቱ ከበደንና እዮብ መኮንንን ከመሳሰሉት ጋር የሠራቸው ሥራዎች ለዚህ እምነት መሠረት ሆነዋል። በራፕና በኤሌክትሮኒክ ዘርፍ ግን ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሰው ሁሉንም ይሠራዋል። በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ሮፍናን ኑሪ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ በመሥራቱ፣ የዲጄውን ጠረጴዛ ወደ ትልቁ ኮንሰርት መድረክ መሐል አምጥቶታል።

የክሊፕ ቀረጻ የመሐል ከተማውን መልክም መዝግቧል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የእንጨት በረንዳና የአራዳ ሰፈሮች ጠባብ መተላለፊያ፣ ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም ለሌለው ራፐር ነፃ መቅረጫ ቦታዎች ነበሩ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው ስለፈረሰ፣ ከዚያ በፊት የተቀረጹ ርካሽ ክሊፖች ሳይታሰብ የሰፈር ማኅደር ሆነዋል። የአዳዲሶቹ ዳራ መብራት የደመቀበት አስፋልትና የመስታወት ሕንፃ ነው፤ ለእውነቱ ከሆነ አንዱን ክሊፕ ከሌላው ለመለየት አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል።

ወደ መድረኩ ስንመጣ ትልልቆቹ ኮንሰርቶች በሚሌኒየም አዳራሽና በግዮን ሆቴል ግቢ ይደረጉ እንጂ፣ አዲስ ሙዚቃ የሚወለደው በትንንሾቹ ቤቶች ነው። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው የካዛንቺሱ ፈንድቃ ነው። መሠረቱ አዝማሪ ቤት ነበር፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በወጣትነቱ ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እየጨፈረና ሌሊት በባንኮኒው ሥር እየተኛ ቆይቶ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ ወደ ባህል ማዕከልነት አሳድጎታል። በነባሩ ቤት በአንድ ምሽት ማሲንቆ፣ ሳክስፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰሙ ነበር፤ ታዳሚው በአጫጭር ዱካዎች ላይ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ የክራሩ ገመድ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው በፊት በቀጥታ ጆሮ ይደርስ ነበር፤ እንግዳ ተጫዋችም መሣሪያውን ይዞ ከመጣ ከባንዱ ጋር ይቀላቀል ነበር። ቤቱ በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ሳቢያ በ2017 ዓ.ም. ከነባር ቦታው ተነሥቷል። ከእርሱ በፊት በጣይቱ ሆቴል አዳራሽ ይሠራ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው እሳት ጠፍቷል። ትንሽ መድረክ በዚህ ከተማ ዕድሜው አጭር ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን ከቤት ቤት ስለሚዘዋወሩ አድማጩ ቤቱን ሳይሆን ባንዱን መከተል ይሻለዋል።

የባህል ተቋማትም ክፍተቱን ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና በስድስት ኪሎ የሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት በንግድ ክለቦች የማይሞከሩ ነገሮችን ለማስተናገድ ይደፍራሉ። መግቢያው ነፃ ወይም አነስተኛ መሆኑ፣ ዝግጅቱም በጊዜ ማለቁ፣ ማምሸት ለማይችል ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በግዮን ሆቴል ያቋቋመው አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ ወደ ጃዝ ቢያደላም፣ በሌሎች ምሽቶች ከራፐሮች ጀርባ የሚታዩት ወጣት ተጫዋቾች እዚያም ሲጫወቱ ይገኛሉ።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በአዲስ አበባ የተለየ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ፣ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ተብሎ የተጠራውን አካሄድ የጀመሩት የባህል መሣሪያዎችን ድምፅ ቆርጠውና ደጋግመው ከኮምፒውተር ምት ጋር በማዋሐድ ነው። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተኑ አሳታሚ 1432 አር፣ «ዘላለም» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ በኩል ወጥተዋል፤ በመሆኑም ስማቸው ከአዲስ አበባ ይልቅ በውጭ ቀድሞ ተሰምቷል። የሥራው ችግር ቴክኒካዊ ጭምር ነው። የክለብ ሙዚቃ አራት አራት እየቆጠረ ይሄዳል፤ ችክችካ የሚባለው ባህላዊ ምት ግን በስድስት ስምንተኛ (ስድስት ስድስት እየተቆጠረ) ስለሚንቀሳቀስ አቀናባሪው ሁለቱን ሳያጋጭ ማስተኛት ይኖርበታል። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ሲሆን የኪቦርዱ ድምፅ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ በላይቭ መድረክ ክራሩ ለላፕቶፑ ሲቃኝ መስማት የተለመደ ነው። ቅኝቱ በዚህ ጊዜ ትንሽ ከለዛው ያጣል፤ ጥሩ አቀናባሪ የሚለየውም ይህን ኪሳራ በሚያካክስበት መንገድ ነው።

ራፕ ዕድለኛ ነው፤ ፉከራ፣ ሽለላና «ተቀበል» እያለ ግጥም የሚያወርደው አዝማሪ ቀድመው መንገዱን ጠርገውለታል። ቴዲ ዮ በጉራጌቶን የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አጣመረ፤ ልጅ ሚካኤልና ካስማሰ ደግሞ ዘርፉን ወደ ሰፊው አድማጭ አምጥተውታል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ቤት መምታት እጅግ ቀላል ነው፤ ሁሉም መስመር በ«ኩ» ወይም በ«አለ» ሊያልቅ ይችላል። ብቃት የሚታየው ራፐሩ ይህን ምቾት ትቶ በመስመሩ መሐል፣ በስሞችና በቅጽሎች ላይ ቤት ሲመታ ነው። ክሊፕ ይህን ድክመት ቶሎ ቶሎ በሚቀያየር ምስልና በጭፈራ ይሸፍናል። መድረክ ግን አይሸፍንም፤ በፕሌይባክ (አስቀድሞ በተቀዳ ድምፅ) የሚሠራው ወዲያው ይታወቃል፣ ከባንድ ጋር የሚሠራው ደግሞ ትንፋሹ እስከ ሦስተኛው ዘፈን መዝለቁ ይታያል።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ይናጋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው በነበሩበት ወቅት አዲስ ሥራ ያወጡ ሰዎች ማስታወቂያቸውን በቪ ፒ ኤን ለሚገቡ ብቻ ለማድረስ ተገድደዋል። ገቢም ሌላ ጣጣ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ2007 ዓ.ም. ቢሻሻልም ከክሊፕ የሚገኘው ገንዘብ ለብዙ ጀማሪዎች የቀረጻውን ወጪ እንኳ አይመልስም። ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ በ2011 ዓ.ም. ያስጀመሩት አውታር፣ ከእርሱ በኋላም የመጣው ሰዋሰው፣ ዘፈንን በስልክ ለመሸጥ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

አዲስ ሥራ የሚወጣበት ጊዜ የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ ይከተላል። ሁዳዴ ሲገባ ክለቦች ይቀዘቅዛሉ፣ ባንዶችም ወደ ልምምድ ይመለሳሉ፤ ለፋሲካ ዋዜማ ግን ክሊፕና ኮንሰርት ይጎርፋል። ክረምቱ ለእንቁጣጣሽ የሚዘጋጁ ሥራዎች የሚቀረጹበት ወቅት ነው፤ አደይ አበባ የሚታይባቸው ክሊፖች አንዳንዶቹ አበባው ሳይፈነዳ በሐምሌ ዝናብ መሐል ይቀረጻሉ። በበዓል ሳምንት ስመ ጥር ድምፃውያን የተመልካቹን ጊዜ ሁሉ ስለሚወስዱ፣ ስልቱ የገባቸው ጀማሪዎች ሥራቸውን የሚለቁት በዓሉ ካለፈ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ አዲስ ስም የሚፈልግ አድማጭም ዩቲዩብን መፈተሽ ያለበት በእነዚያው ቀናት ነው።