የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

ባለፈው ዓመት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ቀብሩ ላይ እንደ ወጉ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ሰው ወዳድ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ለእድሩ የደከሙ። ሁሉም እውነት ነበር። ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ይሰጡኝ ነበር። ሰዉ ያለቅሳል። ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ወሎ ነዋ። አያቴ ብቻ በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።»

በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተነበበውን በደንብ አልሰማሁትም። ዓይኔ ሚስታቸው ላይ ነበር። ሴትየዋ አያለቅሱም። ወረቀቱን እንደ ፈተና ውጤት ነበር የሚያዳምጡት።

የአባባሉ ትርጉም ከባድ አይደለም። በውጭ ሲያዩት ለስላሳ፣ ተጫዋች፣ ደግ የሆነ፣ በር ዘግቶ ሲገባ ግን የሚቆጣ፣ የሚነፍግ፣ የሚያስጨንቅ ሰው ይባልበታል። ለባዳ አልጋ ነው፣ ለቤተሰቡ ቀጋ። አንዳንዱ አገላብጦ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይላል፤ ያው ነው። ግስ የለውም፣ «ነው» እንኳን የለበትም። ሁለት ቤት መምቻ፣ አለቀ። ለሹክሹክታ የሚመች ስለሆነ ይመስለኛል ቀብር ላይ ሳይቀር የሚባለው።

ቀጋ ከተማ ላደገ ሰው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከጽጌረዳ ወገን የሆነ የደጋ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ነጣ ያለ፣ መዓዛው ደስ የሚል ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፣ እረኛ ይበላዋል። እሾሁ ግን ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ የአባባሉ ብልሃት እዚህ ጋ ነው ያለው። ቀጋ ውስጥ እጅ ሲገባ ያን ያህል አይሰማም፤ የሚይዘው ሲወጣ ነው። ጋቢ ከያዘ ሳይቀድ አይለቅም። ከሩቅ የሚያየው ሰው አበባውን ያያል። እሾሁን የሚያውቀው እጁን የሰደደ ብቻ ነው። ቤተሰብ ማለት ደግሞ እጁን የሰደደ ሰው ነው፤ ልውጣ ቢል ይቀደዳል።

አልጋስ? ዛሬ አልጋ ብርቅ አይደለም። ድሮ ግን የቤት ሰው የሚተኛው መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ ነበር። የጠፍር አልጋ ካለ ለአባወራው ወይም ለእንግዳ ነው። ስለዚህ «አልጋ» ሲባል ምቾት ብቻ አይደለም፣ ክብርም አለበት። «ነገሩ አልጋ በአልጋ ሆነለት» የምንለውም ከዚያው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አልጋ በአማርኛ ዙፋን ነው። ዙፋን የሚወርሰው ልጅ «አልጋ ወራሽ» ይባላል። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። አባባሉን በዙፋን ከፈታነው ወሎ ውስጥ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እቴጌ መነንን እንውሰድ። የአምባሰል ልጅ ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል። ደሴ ውስጥ ያለውን የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የማያውቅ የደሴ ልጅ የለም፤ እሳቸው ናቸው። የወይዘሮ ስሂን አባት ንጉሥ ሚካኤል፣ ወንድማቸው ልጅ ኢያሱ። መነን በ1903 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንንን አገቡ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 1908 ዓ.ም.፣ ወንድ ልጅ ወለዱ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አጎታቸው ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ባላቸው ደግሞ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ከወሎ ጦር አዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተገጠመ፤ ወሎ ተሸነፈ፣ ንጉሡ ተማረኩ።

እስቲ ይሄን በቤት ዓይን እዩት። አንዲት እናት የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋለች። አያቷ በአንድ በኩል፣ የባሏ ወገን በሌላ በኩል። ማን ቢያሸንፍ ነው ቤቷ የሚስቀው? የታሪክ መጻሕፍት ሰገሌን ሲያወሩ ስለ ጦሩ ብዛት፣ ስለ ፊታውራሪዎቹ፣ ስለ መትረየሱ ያወራሉ። የአልጋው ታሪክ ነው። የቀጋው ታሪክ ጓዳ ቀረ። ያ ሕፃን አድጎ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ተባለ። ወሎን እንዲገዛ የተሾመውም እሱ ነው፤ መቀመጫው ደሴ። የተማረከው ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አባባሉ ትንሽ ይለወጣል፣ አውቃለሁ። እቴጌ መነንን ወይም ባላቸውን የቤት ቀጋ ነበሩ እያልኩ አይደለም። የምለው ይሄ ነው፦ አልጋውን አገር ሁሉ ያያል፤ ቀጋውን የሚያውቀው ቤት ነው። አባባሉ ክፉ ባልን መሸንቆጫ ብቻ አይመስለኝም። የአንድን ሰው ታሪክ ማን ይመስክር የሚል ጥያቄም አለበት።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ፣ አይጠየፍ ይባላል። ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉም ገብቶ ይበላ ነበርና ሰው አይጠየፍም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የውጭ አልጋ የት ይገኛል? እኔ በስሙም በታሪኩም እኮራለሁ። ግን አንድ ቀን አያቴን ስለ አዳራሹ ስተርክላት «እንጀራውን ማን ጋገረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወሎ በእንግዳ ተቀባይነቱ ይታወቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ሌሊት የሚነሳው፣ ጭስ የሚገባው፣ የራሱን ድርሻ የሚቀንሰው ማን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አባወራው «ግቡ! ግቡ!» ይላል። ጓዳ ያለችው ሊጥ ትቆጥራለች።

አሁን ደግሞ ወደ ደራሲዎች ልሂድ፤ አባባሉ ለእነሱም ይሠራል። ስለ ቤትና ስለ ቤተሰብ እንደ ደራሲ ያማረ ነገር የሚጽፍ የለም። አንዳንዶቹ ግን ቤታቸው ሲገባ… (ዓመተ ምሕረቶቹ ከዚህ በታች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሩሲያውን ደራሲ ቶልስቶይን ያላነበበ ስሙን ሰምቷል። በ1862 ሶፊያን ሲያገባት እሱ 34፣ እሷ 18 ዓመታቸው ነበር። አሥራ ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ ስምንቱ አደጉ። «ጦርነትና ሰላም»ን ደግማ ደጋግማ በእጇ የገለበጠችው እሷ ናት። የሰውየው ጽሕፈት ለማንበብ የሚያታክት ነበር፤ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሻማ ተቀምጣ ታነጥረዋለች። በኋላ ዕድሜው ቶልስቶይ የፍቅርና የይቅርታ መምህር ሆነ። ከዓለም ዙሪያ ሰው ሊያየው ወደ መኖሪያው ይጎርፍ ነበር፣ ልክ ወደ ጠበል ቦታ እንደሚኬደው። ለእነዚያ ሁሉ አልጋ ነው። ሚስቱ ግን ልጆቹን ምን ላብላቸው ትላለች፣ እሱ ንብረቴን ልተው ይላል። ንትርኩ ዓመታት ፈጀ። በ1910፣ በ82 ዓመቱ፣ ሌሊት ተነስቶ ከቤቱ ጠፋ። ብዙም ሳይርቅ ታሞ አስታፖቮ በምትባል የባቡር ጣቢያ ሞተ። ሶፊያ ተከትላ መጥታ ነበር። አላስገቧትም። ያስገቧት እሱ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው።

እዚህ ታሪክ ላይ ሁሌ እቆማለሁ። አርባ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት በመስኮት ልታየው ስትሞክር አስቡት። እሷም ቀላል ሴት አልነበረችም፣ እውነት ለመናገር። ትቀናለች፣ ወረቀቱን ትፈትሻለች። ቀጋ አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይጠላለፋል። የእኛ ሰው «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» የሚለው ለዚህም ይሠራል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ ደግሞ ሌላ ነው። ምድጃ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ የሞቀ ቤት፣ የገና ምሳ፤ እንግሊዞች ስለ ቤት ሙቀት የሚያስቡትን ግማሹን የሰጣቸው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከሚስቱ ከካተሪን ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ አሥር ልጆች አፈራ። በ1858 አባረራት ማለት ይቀላል። ይባስ ብሎ ስለ መለያየታቸው በራሱ መጽሔት ላይ ማብራሪያ አወጣ። የመጽሔቱ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቤት ቃላት» እንደ ማለት ነው። ምጸቱን እሱ ራሱ ልብ ወለድ ውስጥ ቢያስገባው የተጋነነ ይባልበት ነበር። ዛሬ ቢሆን ፌስቡክ ላይ ረጅም ፖስት ይሆን ነበር፣ ከሥሩም «አይዞህ ወንድሜ» ይጎርፍለታል።

ፈላስፋውን ሩሶን በአጭሩ ልለፈው፣ ያናድደኛል። ልጅ እንዴት ያድጋል የሚለውን ዝነኛ መጽሐፉን በ1762 አሳተመ። የራሱን አምስት ልጆች እንደተወለዱ ለማደጎ ቤት ሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ የነዚህን ሰዎች መጽሐፍ እንጣለው? እኔ አልጥልም። አልጋው ውሸት አይደለም። ጎረቤታችን የሰጡኝ ከረሜላ ጣፋጭ ነበር፣ ዛሬም ጣፋጭ ነው። አባባሉም ቢሆን «አልጋው የውሸት ነው» አይልም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ነው የሚለው። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል።

የሚደንቀው ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰማውን የጻፈ ሰው ሲገኝ ነው። መንግሥቱ ለማ ይሄን አድርገዋል። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢጽፍላቸው ሊቅነታቸውን ደርድሮ ይጨርስ ነበር። ልጃቸው ግን እየጠየቁ አስወሯቸው፤ ያወሩትም በአንደበታቸው ለዛ «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ታተመ። የቆሎ ተማሪነት ረሃቡ አለ፣ ሳቁ አለ፣ ተንኮሉም አለ። አባት ለልጁ ሲያወራ የሚወጣው ድምፅ ለጉባኤ ሲናገር ከሚወጣው ይለያል። አማርኛችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢበዛለት ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ስለ አጠቃቀሙ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ይሄ አባባል ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይባልም። ከተባለ ጠብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሉት ሴቶች ናቸው፣ ያውም ቡና ላይ፣ ከቶና በኋላ። ሁለተኛ፣ ከሰው አልፎ ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል። አንድ ወዳጄ እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ የራሱን ሠራተኛ ደሞዝ ግን የሚያዘገይ አለቃ ነበረው። በሠራተኞቹ ዘንድ ስሙ «ቀጋው» ነበር። ለምን እንደተባለ አልገባውም ነበር፣ ፍሬውን አስቦ መሰለኝ ደስ ይለው ነበር አሉ።

ቀጋን በመልካም የሚፈታ ሰውም ገጥሞኛል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያደጉ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቀጋ አጥር ነው። ከብት አያስገባም። ቤቱ ላይ የሚቆጣ አባት ቤቱን ያጥራል» አሉኝ። አልተዋጠልኝም። አጥር ከሆነ እሾሁ ወደ ውጭ መሆን ነበረበት። እሱን ግን ለእሳቸው አላልኳቸውም፤ «ይሁን አባባ» ብዬ ተሰናበትኩ።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከአርባው በኋላ የሟች ሚስት አያቴ ቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። ጥቁራቸውን አልቀየሩም። አቦሉ ወረደ፣ «ጀባ» ተባባሉ። ልጆቹ ተነሱ፣ ዋጋው ተነሳ፣ ዝናቡ ተነሳ። አያቴ ስትቆይ ስትቆይ አልቻለችም።

«ያን ቀን የተነበበው ታሪክ እንከን የለውም እኮ፣ እንዴት ያምራል! ማን ጻፈው?» አለቻቸው።

«የእህቴ ልጅ ነው የጻፈው» አሉ። ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። «እኔ ነኝ ያጻፍኩት። ቃል በቃል።»

አያቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ?»

«እኔ ነኛ። ከረሜላውንም፣ እርቁንም፣ እድሩንም። የዋለበትን ሁሉ። ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«ሌላውንማ» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ፣ «ሌላውንማ ለማን ላስነብበው? በይ ቅጂልኝ፣ በረካውን ሳልጠጣ አልሄድም።»