በባልዲ ውሃ ውስጥ ያለ ሥር ለምን ይበሰብሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በረንዳ ላይ፣ አፈር ሳይጠቀሙ በባልዲ ውሃ ውስጥ ሰላጣ ወይም ቆስጣ የሚያበቅሉ ሰዎች ቅሬታቸው አንድ ዓይነት ነው። ቅጠሉ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ሥሩ ቡናማ ይሆናል፣ ውሃው ይሸታል። የሚሰጣቸው ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

«ውሃ ውስጥ የተነከረ ሥር ምን ይጎድለዋል?»
አየር ይጎድለዋል። ሥር እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ውሃ የመሳብ አቅሙ ስለሚወድቅ ባልዲው ሞልቶ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ የ20 ዲግሪው ውሃ እንኳ 7 ገደማ ቢይዝ ነው። የኛ ቀዝቃዛ ውሃ ከጅቡቲ ሞቃት ውሃ አይሻልም ማለት ነው! ስለዚህ «አገሩ ብርድ ስለሆነ ችግር የለም» የሚለውን አትስሙ። ለዓሣ ማርቢያ የሚሸጠው ትንሽ የአየር ፓምፕ ይበቃል።

«መብራት ከጠፋ አለቀ»
አላለቀም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ዘዴ ጭራሽ ፓምፕ የለውም። ተክሉ ውሃውን እየጠጣ ሲያጎድለው፣ ከላይ የቀረው ሥር እርጥበት ባለው ክፍተት ውስጥ አየር ይስባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ጎደለ ብሎ እስከ አፉ ሲሞላ ነው፤ አየር የለመደው ሥር ይታፈናል። ቢጨመርም ከታች ትንሽ ብቻ ነው፣ ክፍተቱ እንዳለ መቅረት አለበት።

«ቡናማ ሥር ሁሉ በስብሷል»
በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ብረትም ሥር ያቀልማል። አንዱን ሥር በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛው ጠንከር ያለ ነው፣ አይሸትም። የበሰበሰው ያሟልጫል፤ ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቅና ቀጭኑ መሐል ብቻ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፒቲየም የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው፤ ዘሩ በውሃ ውስጥ ስለሚዋኝ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ለመድረስ አይቸገርም።

«ዩሪያ በጥብጦ መጨመር ነው»
ለማሳ የተሠራ ነገር ነው። ዩሪያን ተክሉ በቀላሉ ወደሚወስደው ናይትሬት የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አዲስ ባልዲ ውስጥ ከየት ይመጣሉ? አሞኒያው ሲበዛ ደግሞ ሥሩን ይጎዳዋል። የፍግ ጭማቂም እንዲሁ ነው፤ እሱን የሚያብላሉት ተሕዋስያን ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ካልሲየም ናይትሬት ያለበት፣ ለውሃ እርሻ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ፈልጉ።

«ሥሩ እንዲታይ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሻላል»
ለፎቶ ያምራል። ብርሃን ሲገባ ግን ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ይወረዋል፤ ሌሊት ኦክስጅን ይሻማል፣ ሲሞት ይበሰብሳል። በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት፣ ፀሐይ እንዳያሞቀው ከላይ ነጭ ደርቡበት።

«በረኪና ጠብ ቢደረግበት ይድናል»
በረኪና ባዶ ባልዲ ማጠቢያ ነው፤ ከዚያም በደንብ ይለቀለቃል። ለታመመ ተክል የሚሻለው የሚያሟልጨውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጦ፣ የቀረውን አጥቦ፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ሥሩ ስላነሰ ከታች ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎችም ቀንሱለት። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከላሸቀ ግን ጣሉት።