ቦክስ ጊታር ስለያዙ ብቻ አይደለም፦ ስለ አኮስቲክ ዘፈኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የታወቀ ዘፈን አኮስቲክ ሆኖ፣ ማለትም በቦክስ ጊታር ወይም በፒያኖ ብቻ፣ እንደገና ሲሠራ፣ አንዳንዴ ዋናውን ያስረሳል። ስለነዚህ ሥራዎች ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«አኮስቲክ ማለት ኤሌክትሪክ የሌለበት ነው»

ስሙ እንዲያ ያስመስላል። የሮክ ባንዱ ኒርቫና ኖቬምበር 1993 ኒውዮርክ ላይ «አንፕለግድ» ለተባለው የኤምቲቪ የአኮስቲክ ሙዚቃ ፕሮግራም ሲቀረጽ ግን፣ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ከርት ኮቤይን ጊታሬ በአምፕሊፋየሬ (በድምፅ ማጉያዬ) በኩል ካልወጣ ብሎ ድርቅ አለ። የፕሮግራሙ ሰዎችም መላ ዘየዱ። አምፕሊፋየሩ ፊት የማስመሰያ ሣጥን አቆሙለት፤ ተመልካች ሲያየው ተራ የመድረክ ሞኒተር (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) ይመስለዋል። የዴቪድ ቦዊን «ዘ ማን ሁ ሶልድ ዘ ወርልድ» ሲጫወቱ ጊታሩን ልብ ብላችሁ ስሙት። ያ ሻካራ ድምፅ ከእንጨትና ከክር ብቻ አይወጣም።

የሊዮናርድ ኮኸን «ሃሌሉያ»ም እንዲሁ ነው። ጄፍ በክሌይ በ1994 ያወጣውን ብዙ ሰው «አኮስቲክ» ይለዋል። የተጫወተው ግን በኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ረጋ ያለና ብቻውን የሚጫወት ስለሆነ ነው የሚያሳስተን።

«መሣሪያ መቀነስ በቂ ነው»

በዚህ ላይ ነው ብዙ የሚባለው። ዩቲዩብ ላይ ድራሙንና ቤዙን አውጥተው ያንኑ ዘፈን በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጩኸት የሚጫወቱ ሞልተዋል። ሲሰሙት የጎደለው ነገር ብቻ ነው የሚሰማው።

ኤሪክ ክላፕተን «ሌይላ» ላይ ያደረገው ሌላ ነው። የ1970ው «ሌይላ» በፈጣን የጊታር ምት ይጀምራል፤ ክላፕተን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል፤ መጨረሻ ላይ ረጅም የፒያኖ ክፍል አለው፤ ከ7 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። በ1992 እንግሊዝ ውስጥ ለዚያው ለ«አንፕለግድ» ሲዘፍነው ያ ዝነኛ መግቢያ የለም። ፍጥነቱ ወርዷል፤ ምቱ ወደ ብሉዝ ውዝዋዜ ተቀይሯል፤ የመጨረሻው ክፍል ተቆርጧል፤ ድምፁም ዝቅ ብሏል። ሲጀምር ራሱ ተመልካቹን «ይቺን ለይታችሁ እስኪ» ዓይነት ነገር ብሎ ይፈትነዋል። ቅንብሩ ከሥሩ ተቀይሯል ማለት ነው። በ1993 የምርጥ ሮክ ዘፈን ግራሚን የወሰደውም ይኸው «ሌይላ» ነው፤ ዘፈኑ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። የድሮው እሳት ጠፋ የሚሉ አሉ። እኔም አንዳንድ ቀን ከነሱ ጋር ነኝ።

«መጀመሪያ ባንድ፣ አኮስቲኩ በኋላ ነው»

የሳይመንና ጋርፈንክል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» በ1964 ሲወጣ በአኮስቲክ ነበር። አልበሙ አልተሸጠም፤ ሁለቱም ተለያዩ። በ1965 ፕሮዲዩሰራቸው ቶም ዊልሰን ሳይነግራቸው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ጨመረበት። ጃንዋሪ 1966 በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። እኛንማ ይህ ሊደንቀን አይገባም፤ ትዝታ ሳክስፎን ሳይገባበት በፊት የክራር ነበር። የአስናቀች ወርቁን ክራር የሰማ ባንድ ጎደለ አይልም።

«ዋናውን ዘፋኝ የሚስተካከለው የለም»

የእንግሊዙ ባንድ የቲርስ ፎር ፊርስ «ማድ ወርልድ» በ1982 እንግሊዝ ውስጥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) የታጀበ፣ እግር የሚያንቀሳቅስ ዘፈን ነው። ጌሪ ጁልስና ማይክል አንድሩስ አቀዝቅዘው በፒያኖ ሠሩት፤ በ2003 የገና ሰሞን እዚያው እንግሊዝ አንደኛ ሆነ። ግጥሙ ያው ነው፤ ሐዘኑ ግን አሁን ነው የተሰማው።

«ማንኛውም ተወዳጅ ዘፈን አኮስቲክ ሆኖ ያምራል»

አያምርም። ኒርቫና በዚያ በ«አንፕለግድ» ምሽት ከቀረጻቸው 14 ዘፈኖች 6ቱ የሌሎች ሰዎች ነበሩ። ትልቁን ዘፈናቸውን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን ግን አልነኩትም። ያ ዘፈን የሚኖረው ከዝምታ ድንገት ወደ ጩኸት በመፈንዳቱ ነው። ፍንዳታውን ካወጡበት የሚቀረው አራት ኮርድ ነው።